አንድ ስንዝር የጎማ ቱቦ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ዱ
ሰኞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውዷ ልጄ ሀያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አንቺም በሆድሽ ያለውም እንዴት ናችሁ? የድሬ ሙቀት እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅሽም፤ እዚህ ካለው ጋር ሲተያይ የናንተው ጥላ ነው። ኸምሲኑ፣ የበረሃው ንፋስ፣ ከተነሳ ወር አልፎታል። አሸዋውን ይዞ ይመጣና ከንፈር ይሰነጥቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ በባዶ እጅ አይጨበጥም። ዶክተሯ የእግርሽን እብጠት አይታ ምን አለችሽ? ጨው ቀንሺ። ማታ ማታ እግርሽን ትራስ ላይ አድርጊ። አክስትሽ ዙለይካ ዕቃ አንሺ ብትልሽ እምቢ በያት፤ እስከ ዘጠኝ ወሬ ጆንያ ተሸክሜአለሁ የምትለው ውሸቷን ነው። ወንድሟ ነኝ፣ አውቃታለሁ፤ ያኔ ውሃ እንኳ ያጠጣናት እኛ ነን።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ልጅ ቡርቱካን ትባላለች። እዚህ አንድ የፈረንሳዮች ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ነገ ከናጋድ በባቡር አገሯ ልትገባ ነው። ድሬ ትወርዳለች። ምሳ አብዪያት፣ ሳትበላ እንዳትለቂያት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈህ ትዪ ይሆናል። በስልክ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ስለ እግርሽ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራና እዘጋለሁ። ኒዛር የተያዘው የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜው ስላለፈበት ነው፣ ዛሬ ነገ ይፈታል ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። የኒዛር ወረቀት ደህና ነው። ባልሽ የታሰረው፣ ሰው ስለሞተ ነው። ለዚያች ሰው መሞት ምክንያቱ ደግሞ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አሁን ተቀመጪ። ውሃ አጠገብሽ አድርጊ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው፤ ዙለይካ ካለች ገበያ ላኪያት።

ዓብዱልጀሊልን ታስታውሺዋለሽ፣ ማዕከላዊ ገበያ ሩዝና ቅመም የሚነግደውን፤ ሠርግሽ ላይ ሚስቱን ፋኢዛን ይዞ ድሬ ድረስ መጥቶ ነበር። ከአባቱ የወረሳት ፔጆ 404 አለችው፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበሯ፣ ፋሚሊያል የሚሏት። ያቺን መኪና ሰላሳ ዓመት የያዝኳት እኔ ነኝ። ካርቡራተሯን የማስተካክለው በጆሮዬ ነበር። ካቻቢቴዋን አስገብቼ ሩብ ዙር አዞርና አዳምጣለሁ፣ ትንሽ እመልስና አዳምጣለሁ፤ ልክ ስትሆን አውቃታለሁ። ጅቡቲ ውስጥ ይህን በጆሮው የሚሠራ ሰው ቢበዛ ሦስት ቢቀር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ደንቆሮ ሆኗል።

የመኪናዋ ችግር ሙቀት ነው። በሐምሌ ቤንዚኑ ሞተር ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይፈላል፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል። መድኃኒቱን እዚህ ያለ ባለ አሮጌ መኪና ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮፈን ትከፍቺያለሽ፣ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ታደርጊያለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ከዓብዱልጀሊል መኪና አንድ ጄሪካን ውሃና አንድ አሮጌ ሽርጥ ተለይቶ አያውቅም። ሰኔ ላይ ግን በከተማው ዳር ፔካ ዱዝ መውጫ ላይ በቀትር ልጆቹን እንደ ጫነ ቆመችበት፤ ሁለት ሰዓት ቆዩ፣ ትንሹ ልጅ አስመለሰው። ፋኢዛ መኪናዋን ወይ ሽጣት ወይ ፍታኝ አለችው። የአባቱን መኪና መሸጥ አልሆነለትም። ይሄኔ ነው ኒዛር «ወደ ኢንጄክሽን እንቀይራት» ያለው።

ነገሩን ባጭሩ ላስረዳሽ፣ ኋላ ይጠቅምሻልና። ካርቡራተሩ ይነሳል። በምትኩ ኢንጄክተሮች ይገባሉ፣ እነሱን የሚያዝ ኮምፒውተር ይገባል፣ ከታንከሩ ጋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይቀመጣል። የድሮው ፓምፕ ቤንዚን በቀስታ ይስባል፤ አዲሱ ይገፋል፣ በኃይል ይገፋል። ሦስት ባር ይሉታል። የተገፋ ቤንዚን ደግሞ በዋዛ አይፈላም። ኒዛር ከዱባይ ከመጣ ከተጋጨ ቶዮታ ላይ ዕቃውን አንድ በአንድ ለቀመ። ወር ተኩል ለፋበት። ላፕቶፑን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳይግል ጃንጥላ ዘርግቶለት፣ እሱ ራሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሠራ ነበር። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ «ሞተር በፊልም ተምሮ የሚጠግን ትውልድ!» እለዋለሁ። ይስቃል። «እርስዎ ደግሞ በጆሮዎ ሳል ያለበትን ሁሉ ሞተር ነው ይላሉ» ይለኛል። ድሬ ተወልዶ፣ ድሬ አድጎ፣ «እርስዎ» የሚል ሰው ከሱ በቀር አላየሁም። ቅር አይበልሽና አንቺም ብትሆኚ «አንተ» እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ።

በልጁ እኮራ ነበር። ግን ደግሞ እቀና ነበር ሀያ። ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው «ኒዛር አለ?» ማለት ጀምረው ነበር። ሰላሳ ዓመት «ጀላል አለ?» የተባለበት በር ነው። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነው፣ ለሱም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ ቀን፣ ሥራው አለቀ፤ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሥር የሚመጣውን የብረት መስመር ከኢንጄክተሮቹ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ። ኒዛር ለኢንጄክሽን የሚሆነውን ወፍራሙን አዲስ ቱቦ ቡላኦስ ሄዶ ገዝቶ ነበር፣ ግን ለካው፣ ቆረጠው፣ ስንዝር አጠረ። ይህ ሲሆን ሰዓቱ ወደ ሰባት ተቃርቧል። ያቺን ሰዓት ታውቂያታለሽ፤ ጫት ከገባ ወዲያ እስከ አሥራ አንድ ጅቡቲ ውስጥ የተከፈተ ሱቅ አታገኚም። ኒዛር ነጋዴውን ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ከምርቃናው ላይ አስነስቼ አመጣለሁ ብሎ ተነሳ። ሲወጣ ምን እንዳለኝ ቃል በቃል ልጻፍልሽ። «አባ፣ እስክመለስ እንዳይነኳት። የድሮው ቱቦ ለዚህ ግፊት አይሆንም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓብዱልጀሊል መጣ። ለዓርብ ቤተሰቡን አርታ ሊያወጣ፣ ልጆቹን ንፋስ ሊያስመታ ቃል ገብቷል። «ጀላል፣ አለቀች?» አለኝ። ልጁ እስኪመጣ ጠብቅ ማለት ነበረብኝ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ለዓብዱልጀሊልና ለአባቱ «ልጁ ይምጣ» ብዬ አላውቅም። «አንድ ሰዓት ስጠኝ» አልኩት። እሱም ማዶ ካለው መብረዣ ጫት ሊቅም ሄዶ ተቀመጠ።

የድሮውን ቱቦ አነሳሁት። የራሷ የመኪናዋ ቱቦ ነው፣ ከፈረንሳይ አብሯት የመጣ። አጠፍኩት፣ አልተሰነጠቀም። አሸተትኩት፣ ደህና ነው። የዛሬው የቻይና ዕቃ ሁለት ዓመት አይቆይም፣ ይሄ እድሜ ልኩን ቤንዚን ሲያሳልፍ የኖረ ነው አልኩ ለራሴ። አንድ ስንዝር ቆርጬ በሁለት ቀለበት አሰርኩት። ሞተሩን ሳስነሳው ጠብታ እንኳ አልወጣም። የሞተሩን ድምፅ ብትሰሚው! እንዲህ ያለ ድምፅ ከካርቡራተር በዕድሜዬ አላወጣሁም። እስከ ወደቡ ነድቼ መለስኳት፣ ቁልፉን ሰጠሁት። ትከሻዬን ስሞኝ ሄደ።

ኒዛር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቱቦውን ይዞ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ደረሰ። መኪናዋ የነበረችበትን ባዶ ቦታ አየ።

«የታለች?»

«ወሰዳት።»

«በምን ታስራ?»

«በድሮው። አንተ ሳትወለድ ቤንዚን ሲያሳልፍ የነበረ ቱቦ ነው፣ አቦ ተወኝ!»

«አባ፣ ያኔ የሚያሳልፈው ሲንጠባጠብለት ነው። አሁን ሦስት ባር ነው። ዳገት ላይ ሲሞቅ ይተረተራል፣ ያለበት ቦታ ደግሞ ማርሚታው አናት ነው።» ስልኩን አወጣ። «ልደውልላቸው።»

«ደንበኛው የኔ ነው» አልኩት። «እኔ እደውላለሁ።»

አልደወልኩም። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ምን ልበለው? ሰላሳ ዓመት ያመንከኝ ሰውዬ፣ አሮጌ ጎማ አስሬ ሰጠሁህ? ቅዳሜ ሲመለሱ እቀይረዋለሁ፣ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ኒዛር ሱብሒ ሰግደን ስንወጣ «ደወሉላቸው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። አመነኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ባያምነኝ ኖሮ።

የሆነውን የነገረችኝ ፋኢዛ ናት። የአርታን ዳገት ግማሽ ወጥተዋል። ቤንዚን ሸተታት። ለባሏ ነገረችው፤ አዲስ ሥራ ስለሆነ ነው አላት። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ነበልባል ወጣ። ዓብዱልጀሊል ዘሎ ወረደ፣ እሷ ጨቅላውን አቅፋ ወረደች፣ ከመካከለኛው ረድፍ ሁለቱን ሴት ልጆች ጎትተው አወጡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትንሹ ወንድ ልጅና የቤት ሠራተኛዋ ቦንቱ ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ የራሱ በር የለውም፤ ከፊቱ ያለው ወንበር ካልታጠፈ ከዚያ መውጣት አይቻልም። ቤተሰብ ሲሄድ ሠራተኛ የምትቀመጠው እዚያ ነው። ወንበሩ አልታጠፍ አለ። ቦንቱ ልጁን በወንበሩ አናት ላይ አሳልፋ ለአባቱ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ማንም ሊቀርብ አልቻለም። ዓብዱልጀሊል ሁለት እጁ ተልጧል፤ ሞክሯል።

ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከጨለንቆ ወዲህ ካለ ቀበሌ ናት። ጋራዥ በመጣች ቁጥር፣ እኔ ገና ሳልጠይቃት፣ ራሷ ኩባያ ፈልጋ ውሃ ታቀብለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችንንም ፖሊስ ጠራን። መርማሪው እኛን በሶማሊኛ ይጠይቃል፣ በፈረንሳይኛ ይጽፋል። «ኢንጄክሽኑን የሠራው ማነው?» አለኝ። «ኒዛር» አልኩ፣ ይሄ እውነት ነው። «የቤንዚኑን መስመር ያሰረውስ?» አለ። ልጄ፣ ለዚህች ጥያቄ የሰጠሁትን መልስ ከጻፍኩልሽ በኋላ አባት አድርገሽ ታዪኝ እንደሆን አላውቅም፣ ግን እጽፈዋለሁ። «እሱ ነው» አልኩ። «የኢንጄክሽኑ ነገር ሁሉ የሱ ነው። እኔ የካርቡራተር ሰው ነኝ።» ኒዛር አጠገቤ ተቀምጧል። አንዴ ዞሮ አየኝ። ከዚያ እጆቹን ማየት ጀመረ። መርማሪው «እውነት ነው?» ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባቴ ያሉት ነው» አለ።

ፈራሁ ሀያ። ስኳሬን፣ እርጅናዬን ሰበብ አላደርግም። እዚያ ክፍል ውስጥ ከማውቀው ሁሉ በላይ ፈራሁ፤ ፍርሃቱ ከአፌ ቀድሞኝ ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔው ደግሞ ከሥሩ ፊርማዬ አለበት። ከዚያ በቀጥታ ቦንቱን ልቀብር ሄድኩ። የአገር ልጆች መረዳጃ ሽማግሌ ስለሆንኩ አፈር ያስመለስኩት፣ ዱዓ ያስደረግሁት እኔ ነኝ። ኒዛር ያኔ ታስሯል።

ወንድሟ ቦንሳ በአራተኛው ቀን በባቡር መጣ። ናጋድ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ፣ ሦስት ቀን ቤቴ ያሳደርኩት እኔ፣ መቃብሯ ጋ የወሰድኩት እኔ። ቀጭን ገበሬ ነው፣ ብዙ አይናገርም። ሻንጣዋን ከፋኢዛ እጅ ተቀብሎ ሲከፍተው ለእናቷ የገዛቻቸው ሁለት ሽቲ ቀሚሶች ነበሩ፣ ከነላስቲካቸው። ሊመለስ ጣቢያ ስሸኘው እጄን ያዘኝ። «አባቴ፣ እህቴን እንደ ዘመድ ቀብረሃታል፣ አላህ ይክፈልህ» አለኝ። ቀጥሎ «ያደረገው ሰው ግን ተይዟል?» አለኝ።

«ተይዟል» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመው። ይህን እጄን ነው፣ አሁን የሚጽፍልሽን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚሉት ነገር የለኝም፣ ምግብም እንደ ሥራ ነው የምበላው። ራሴን ለማደፋፈር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሁለቱንም ሳምንት ባልሽ እስር ቤት ነበር። ያለፈው ሐሙስ ተነስቼ መርማሪው ጋ ሄድኩ። ሁሉንም፣ ለአንቺ እንደጻፍኩልሽ አድርጌ ነገርኩት። መዝገቡን አወጣ፣ የፈረምኩትን አነበበልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። «የኔ አባት» አለኝ፣ «የዋሹት የቱ ቀን ነው? ያን ቀን ነው ወይስ ዛሬ?»

«ያን ቀን።»

«አማችዎ ነው። ልጅዎ ልትወልድ ነው። በርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እንዲህ ብዬ እመጣ ነበር።»

ዓብዱልጀሊልን ጠይቅ አልኩት። ዓብዱልጀሊል ያየው ቁልፍ ስሰጠው ነው፣ ሳስር አላየኝም። የቱቦውን ነጋዴ ጠይቅ፣ ኒዛር ያን ሰዓት እሱ ቤት ነበር አልኩት። «ጠይቄዋለሁ» አለ። «ልጁ ለዚያች መኪና ሌላ ቱቦ ፍለጋ ቤቱ ድረስ ሄዷል። እንግዲያው የታሰረው ቱቦ እንደማይሆን ያውቅ ነበር። እያወቀ ለቀቃት።» ገባሽ ሀያ? ያ ልጅ በጠራራ ፀሐይ የሮጠው ሩጫ ማስረጃ ሆኖበታል።

በመጨረሻ ኒዛርን ራሱን ጠይቀው አልኩት። አስመጣው። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ግን ደህና ነው፤ ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው። መርማሪው ያልኩትን በሙሉ ደገመለት። ኒዛር እኔን ሳያይ «አባቴ ደክሟቸዋል» አለ። «ስኳር አለባቸው። እባክዎ ጥላ ላይ ያስቀምጡልኝ።» መርማሪው መዝገቡን አጠፈ። «ልጁ ራሱ ዳኛ ፊት ቆሞ ካልተናገረ የርስዎን እንባ መዝገብ ላይ ማስፈር አልችልም» አለኝ። ቀጠሮው ሐሙስ ነሐሴ 22 ነው። ጠበቃው፣ ኒዛር ካልተናገረ ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈረድበታል ይላል።

ትናንት ምሳ ይዤለት ገባሁ። ለመንኩት። ተቆጣሁት። ልንበረከክ ስል በሁለት እጁ ደግፎ አቆመኝ። «እርስዎ እዚህ አንድ በጋ አይከርሙም» አለኝ። «እኔ ወጣት ነኝ፣ እወጣለሁ። እርስዎ እዚህ ቢሞቱብኝ ለሀያ ምን ብዬ ነው ፊቷ የምቆመው? አሁን ይልቅ ድሬ ይግቡ። ልጁ ሲወለድ በጆሮው አዛኑን እርስዎ ይበሉልኝ።»

እንዴት አድርጌ ነው የምልለት? ሕፃን ከዚህ ዓለም መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ነው። «ተይዟል» ያልኩበትን አፍ ነው ጆሮው ላይ የማደርገው?

ስለዚህ የመጣሁት ወደ አንቺ ነው። አማች የአማቱን ነውር አያወጣም፤ እንደዚያ አድርጎ ያሳደገው ቤተሰብ ነው፣ እኔም ስድርሽ የመረጥኩት ለዚሁ ጨዋነቱ ነው። ከኔ ትእዛዝ አይቀበልም፣ ከጠበቃው አይቀበልም። ካንቺ ይቀበላል። ደብዳቤ ጻፊለት። ኒዛር፣ ዳኛው ፊት ቆመህ ያየኸውን ሁሉ ተናገር በይው። ቱቦውን ያሰሩት እሳቸው ናቸው፣ አይንኳት ብዬ ነበር፣ እደውላለሁ ብለው አልደወሉም፣ ደወልኩ ብለው ዋሹኝ በል በይው። እያንዳንዷን ቃል ጻፊ፣ አታለስልሺው። እምቢ ካለሽ ልጅህን ብቻዬን አላሳድግም በይው፤ ባታስቢውም በይው። የምታዝኚልኝ ከሆነ ይህን በማድረግ እዘኚልኝ። ስለ እስሩ አታስቢ፤ ስኳር ያለበት ሰው የትም ቢሆን ስኳር አለበት።

ደብዳቤሽን አሽጊው። ረቡዕ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጪው፣ ቡርቱካን የምታውቃቸው ልጆች አሉ፣ እስከ ናጋድ ያደርሱልኛል። እኔ ሳልከፍተው ከምሳው ጋር አድርጌ እሰጠዋለሁ።

ልትሰድቢኝ ከፈለግሽም እዚያው ላይ ስደቢኝ፣ አላነበውም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትጽፊ «ጀላሉዲን ነው ያደረገው» ብለሽ አትጻፊ። «አባቴ ነው» ብለሽ ጻፊ። እዚህ ጀላሉዲን የሚባል ሰው ብዙ ስላለ ነው፣ ኒዛር እንዳይምታታበት ብዬ ነው።

አላህ በሰላም ያገላግልሽ። የሚወለደውን ጤነኛ፣ ለእናት ለአባቱ የሚታዘዝ ያድርገው። የእናትሽን መቃብር ስትጎበኚ ለኔም ፋቲሓ ቅሪልኝ፤ እሷ ብትኖር ይህን ደብዳቤ ሳልጽፈው ገና ፊቴን አይታ ታውቅ ነበር። ጨው ቀንሺ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ።

አባትሽ
ጀላሉዲን